ለመነሳት ብቻ የተሸከሙት ሞተር፦ የ3,009 ኪሎሜትሩ በረራና የግላይደሩ ምርጫ

ክላውስ ኦልማን የሚባል ጀርመናዊ አብራሪ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2003 በግላይደር፣ ማለትም በሞተር ሳይሆን ወደ ላይ በሚወጣ አየር በሚንሳፈፍ አውሮፕላን፣ 3,009 ኪሎሜትር በረረ። የተነሳው ከአርጀንቲና፣ ከአንዲስ ተራሮች ሥር ካለው የቻፔልኮ አየር ማረፊያ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በረራውን በነፃ ርቀት ዘርፍ ክብረ ወሰን አድርጎ መዘገበው። እስከ ሦስት የመታጠፊያ ነጥብ የሚፈቅደው ዘርፍ ነው። ከዚያ በፊት በግላይደር 3,000 ኪሎሜትርን ያለፈ ሰው አልነበረም።

የበረረበት ኒምበስ 4ዲኤም ይባላል። የጀርመኑ ሸምፕ-ሂርት ፋብሪካ ሥራ ነው። ሁለት መቀመጫ አለው፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 26.5 ሜትር ነው፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሞተር አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ሞተር ካለው ምኑን ግላይደር ሆነ? ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከመሬት ያነሳዋል፣ የሚፈለገው ከፍታ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ታጥፎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፣ በሩም ከላይ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የነፋስ ሥራ ነው። ክብረ ወሰኑ የሚጸድቀውም ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ እንዳልተነካ በማስረጃ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ የማይነካ ሞተር ተሸክሞ መሄድ ለምን አስፈለገ? በራሱ ከሚነሱት ግላይደሮች መሃልስ ለምን ይሄ? ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ምርጫ ነው። ከኦልማን አፍ የሰማሁት የለም። ከማሽኑ፣ ከቦታውና ከሒሳቡ የሚነበበውን ነው የማወራው።

ከመሬት ማን ያንሳው?

አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ሙቅ አየር ላይ እየዞረ ሽቅብ ሲወጣ ያላየ የለም። ግላይደርም ሥራው ይኸው ነው። ወደ ላይ የሚወጣ አየር ፈልጎ ከፍታ ይሰበስባል፣ የሰበሰበውን ከፍታ በርቀት ይመነዝራል፣ ሲያልቅበት እንደገና ይፈልጋል። ጣጣው የመጀመሪያው ከፍታ ነው።

የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። ወይ ባለሞተር አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ወይ መሬት ላይ የቆመ ዊንች ገመዱን በፍጥነት እየጠቀለለ ያስወነጭፈዋል። ለሁለቱም ሰው ያስፈልጋል። የሚጎትት አብራሪ፣ ገመድ የሚያያይዝ፣ ክንፍ የሚይዝ። ሰው ደግሞ ይተኛል፣ ይዘገያል፣ ቁርሱን ይበላል።

ሦስተኛው መንገድ ሞተሩን ይዞ መሄድ ነው። እዚህም ውስጥ ልዩነት አለ። የኒምበስ 4ዲ ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አንዱን ግላይደር በሦስት ዓይነት ነው የሠሩት። 4ዲ ሞተር የለውም። 4ዲቲ ትንሽ ሞተር አለው፤ ይህ ሞተር ከመሬት ማንሳት አይችልም፣ አየር ላይ ከፍታ ሲያልቅ ግን ቀስ እያለ ቤት ያደርሳል። 4ዲኤም ደግሞ በራሱ ጉልበት ከመሬት ይነሳል። ክንፉ ያው ክንፍ ነው። ገዢው የሚመርጠው ስንት ኪሎ ልሸከም፣ ስንት ሰው ልለምን የሚለውን ነው።

ቦታው ምን ይጠይቃል?

ቻፔልኮ ያለው ሰሜናዊ ፓታጎኒያ፣ ኔውኬን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሳን ማርቲን ዴ ሎስ አንዴስ ከተማ አጠገብ ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 40ኛው ዲግሪ ላይ መሆኑ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው የምዕራብ ነፋስ እዚያ ኬክሮስ ላይ ብዙ የሚያግደው መሬት አያገኝም። ድንገት አንዲስ ፊቱ ላይ ይገተርበታል።

ነፋሱ ተራራውን ዘሎ ያልፋል። ከኋላው ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። አየሩ የረጋ ከሆነ ይህ መውጣትና መውረድ በተራራው ጀርባ ሞገድ ሆኖ ይቆማል። ነፋሱ እየሮጠ ሞገዱ ግን ቦታውን አይለቅም። ከላይ የምስር ቅርጽ ያላቸው ለስላሳ ደመናዎች ይታያሉ፤ እነሱም አይንቀሳቀሱም። አብራሪው ወደ ላይ የሚወጣውን ክፍል አግኝቶ ከተራራው ሰንሰለት ጎን ለጎን ከሄደ፣ መዞር ሳያስፈልገው በመቶ የሚቆጠር ኪሎሜትር ቀጥ ብሎ ይበራል። አንዲስ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅም ግድግዳ ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

ከሞገዱ ሥር ግን ሮተር የሚባል ነገር አለ። የሚንከባለል፣ የሚናወጥ፣ አውሮፕላንን እንደፈለገ የሚወረውር አየር ነው። ሞገዱ ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ እሱን አልፎ መሄድ ግድ ነው። በገመድ እየተጎተቱ ሮተር ውስጥ መግባት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጎታቹ ወደ ላይ ሲወረወር ተጎታቹ ወደ ታች ይወረወራል፣ ገመዱ ይላላል፣ ተመልሶ ይወጠራል፣ ይበጠሳል። ሁለቱም አብራሪዎች አደጋ ላይ ናቸው። በራሱ ሞተር የሚወጣ ግላይደር ቢናወጥም ብቻውን ነው የሚናወጠው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጃንዋሪ እዚያ በጋ ነው። በ40ኛው ዲግሪ ላይ በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ 14 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በዚህ ብርሃን 3,009 ኪሎሜትር ለመሸፈን በአማካይ በሰዓት 200 ኪሎሜትር አካባቢ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከመነሻ እስከ ማረፊያ፣ ያለ እረፍት። እንግዲህ የጎታቹ አብራሪ አንድ ሰዓት ቢያረፍድ 200 ኪሎሜትር ሄደ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ቢያረፍድ 100 ኪሎሜትር። በ9 ኪሎሜትር ብቻ 3,000ን ያለፈ በረራ መሆኑን አትርሱ።

ለእኔ የምርጫው ልብ እዚህ ነው። ሞተሩ የገዛው ርቀት ሳይሆን የንጋቷን ሰዓት ነው። ማንንም ሳይቀሰቅሱ፣ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ጎህ ሲቀድ መነሳት። ቱርቦ የሚባለው የ4ዲቲ ሞተር ይህንን አያደርግም። ቤት ያደርሳል እንጂ ማለዳ አያስነሳም።

ሁለቱ ዕጩዎች

ያን ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሆን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ በራሱ የሚነሳ ግላይደር ቁጥሩ በጣት ነው። አንዱ ኒምበስ 4ዲኤም ነው። ሌላው አሽ 25 ኤምአይ ነው፤ ስቲቭ ፎሴትና ቴሪ ዴሎር በዚያው ዘመን፣ በዚያው አርጀንቲና ክብረ ወሰን ያስመዘገቡበት። ከሁለቱ በጣም የሚለየው ሦስተኛው ስቴሜ ኤስ10 ነው። ማነጻጸሩ የሚጥመው ኒምበስን ከስቴሜ ጋር ስናቆም ነው፤ አስተሳሰባቸው ጨርሶ አይገናኝምና።

ኒምበስ 26.5 ሜትር ክንፍ፣ 820 ኪሎ ከፍተኛ የመነሻ ክብደት፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለሁለት ምት የሮታክስ ሞተር። ስቴሜ ኤስ10-ቪቲ 23 ሜትር ክንፍ፣ 850 ኪሎ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለአራት ምት፣ ባለተርቦ ሮታክስ 914፤ ይህ ተርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፣ ከ4ዲቲው ቱርቦ ጋር አይምታታ።

ጉልበቱን ለክብደቱ ስናካፍል ስቴሜ ለአንድ የፈረስ ጉልበት 7.4 ኪሎ ይደርሰዋል። ኒምበስ 13.7 ኪሎ። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ኒምበስ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ረጅምና ጠንካራ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ከተራራ ጀርባ ደግሞ አየሩ ወደ ታች የሚፈስበት ቦታ አለ። ሞተሩ ከሚያወጣው ይልቅ አየሩ የሚያወርደው ከበለጠ፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ አውሮፕላኑ ይወርዳል። ስለዚህ የኒምበስ አብራሪ ከመነሳቱ በፊት አየሩ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ በደንብ አስቦ መሆን አለበት።

ይህንን ሁሉ ጉድለት ይዞ ኒምበስ ለምን ተመረጠ? በመንሳፈፉ ነው። ኒምበስ አንድ ኪሎሜትር ከፍታ ይዞ በረጋ አየር 60 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። ስቴሜ 50።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ኒምበስ ክብደቱ ለክንፉ ስለሚበዛ ነው ሩቅ የሚሄደው» ይላል። አይደለም። የኒምበስ ክንፍ ስፋቱ 18 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ የስቴሜ 18.7። ሙሉ ክብደታቸውን ለክንፋቸው ስፋት ስናካፍል ሁለቱም በካሬ ሜትር 45 ኪሎ ተኩል አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ የክንፉ ቅርጽ ነው። ኒምበስ ያንኑ ስፋት ወስዶ ቀጭንና ረጅም አድርጎ ሳበው። ክንፍ በቀጠነና በረዘመ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል። በተለይ ቀስ ብሎ ሲበሩ፣ ደካማ ሞገድ ላይ ከፍታ ለመልቀም ሲታገሉ ልዩነቱ ይታያል።

በሥራ ላይ ምን ማለት ነው? ከሁለት ሞገዶች መሃል ክፍተት አለ እንበል። ነፋሱ ተራራው ላይ ጎድሎ ሞገዱ ተቋርጧል። አብራሪው ከመሬት በላይ 6,000 ሜትር ላይ ነው። በወረቀት ኒምበስ 360 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ስቴሜ 300። በእውነተኛው አየር ውስጥ ወራጁም ፊት ለፊት ያለው ነፋስም ስላለ ሁለቱም የዚህን ግማሽ ቢያገኙ ደስ ይበላቸው። ብቻ የሚተርፈው ያው የስድስት ለአምስት ብልጫ ነው። ለእሁድ ሽርሽር ስድስትና አምስት ምንም ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ፣ በየክፍተቱ ሲደማመር ግን የ9 ኪሎሜትሯ ትርፍ ከየት እንደመጣች ይገባናል።

ሞተሩን ማስተኛት

ስለ ባለምሰሶ ሞተር፣ ማለትም በምሰሶ ከሰውነቱ ወጥቶ ስለሚቆም ሞተር፣ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ማስነሳት ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ ነገሩ ያለው ማስተኛቱ ላይ ይመስለኛል።

ኒምበስ ላይ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ከአብራሪዎቹ ጀርባ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተዋል። ማብሪያ ሲነካ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጫጫታው ከባድ ነው። ከፍታ ከተያዘ በኋላ አብራሪው ነዳጁን ይቀንሳል፣ ሞተሩ ትንሽ እንዲበርድ ይጠብቃል፣ ያጠፋዋል። ፕሮፔለሩ ግን ነፋስ እየገፋው መዞሩን አያቆምም። ስለዚህ ፍጥነት ይቀነሳል፣ ፕሮፔለሩ እስኪዘገይ ይጠበቃል፣ ማገጃው ይያዛል። አሁን አብራሪው ትንሿን መስታወት ያያል፤ ወደኋላ ዞሮ ማየት አይችልምና። ፕሮፔለሩ ልክ ከምሰሶው ጋር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልቆመ ጉድጓዱ አይቀበለውም፣ በሩም አይዘጋም። ልክ ሲሆን ማብሪያው ይነካል፣ ምሰሶው ወደኋላ ይተኛል፣ በሮቹ ይከደናሉ። ከዚያ ጸጥታ ነው፤ የነፋሱ ሹክሹክታ ብቻ።

ይህ ሁሉ የሚደረገው አውሮፕላኑን እያበረሩ፣ ምናልባትም ሮተር እያናወጠ ነው።

ስቴሜ ሌላ መንገድ መረጠ። ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ቋሚ ሆኖ ተቀምጧል፣ አይወጣም አይገባም። ከእሱ የሚነሳ ረጅም ዘንግ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች መሃል አልፎ አፍንጫው ላይ ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። ለማስነሳት የአፍንጫው ክዳን ወደፊት ይገፋል፤ የታጠፉት የፕሮፔለሩ ምላሶች ዘንጉ ሲዞር በራሳቸው ይዘረጋሉ። ለማስተኛት በግልባጩ ነው። የሚወጣ ምሰሶ ስለሌለ፣ ሞተሩ አልነሳም ቢል እንኳ አውሮፕላኑ ብዙም አይጎዳም።

ባለምሰሶው ላይ ግን እዚህ ነው ጉዱ። ምሰሶው ቆሞ ሞተሩ ካልተነሳ ነፋስ ውስጥ ትልቅ እንቅፋት ተገትሯል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ግላይደሮች በዚያ ሁኔታ የመንሳፈፍ ችሎታቸውን ግማሽ ወይም ከግማሽ በላይ ያጣሉ። ሩቅ ያለ ሜዳ ላይ እደርሳለሁ ያለ ሰው ድንገት እታች ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው።

አልነሳም የሚልበትም ምክንያት አለው። ባለሁለት ምት ሞተር ለሰዓታት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ተኝቶ ውሏል። ባትሪው ቀዝቅዟል፤ ቀኑን ሙሉም ሬዲዮና መሣሪያ ሲያበራበት ነበር። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ሞተሩን «ምናልባት» እንጂ «አዎ» ብለው የማይቆጥሩት። መጀመሪያ የሚያርፉበትን ሜዳ ይመርጣሉ፣ ከሜዳው በላይ በቂ ከፍታ ይዘው ይቆማሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምሰሶውን የሚያወጡት። ከተነሳ እሰየው። ካልተነሳም ማረፍ ነው። ሞተር አለኝ ብሎ ሜዳ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ የሚገባ ሰው፣ ሞተር ከሌለው አብራሪ የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ሞተር የሌለው ቢያንስ ራሱን አያታልልም።

ማስረጃውስ?

ሞተር ያለው ሰው ክብረ ወሰን ሰበርኩ ሲል ዳኞቹ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ነገር ግልጽ ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የበረራ መመዝገቢያው ነው። የታሸገ ሳጥን ነው፤ ቦታን፣ ከፍታንና ሰዓትን ይይዛል። ውስጡ የድምፅ መለኪያ አለ። የሞተር ድምፅ መጠንን ከ0 እስከ 999 ባለው ቁጥር ከእያንዳንዱ የቦታ ምልክት ጋር ይጽፋል። ጸጥ ያለ በረራ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሞተሩ ሲነሳ ይዘላል። መነሻው ላይ ዘሎ፣ ከዚያ ወርዶ እስከ መጨረሻው እዚያው ከቀረ ጨዋታው ንጹህ ነው።

ስቴሜ የጉልበት ብልጫውን እዚህ ጋ መጠቀም አይችልም። 115ቱም የፈረስ ጉልበት ከመነሻው በኋላ ክብደት ብቻ ነው።

የረጅም ክንፍ ዕዳ

ኒምበስን ብቻ አመስግኜ ብተው ልክ አይሆንም። ጁላይ 1999 አሜሪካ ውስጥ፣ ኔቫዳ ሚንደን አካባቢ አንድ ኒምበስ 4ዲኤም አየር ላይ ተሰባብሮ የነበሩበት ሁለት ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የመረመረው አደጋ ነው። አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ውጭ ወደ ታች ዞረ፣ ፍጥነቱ ከተፈቀደው በላይ ሄደ፣ ለማቃናት ሲሞከር ክንፉ ላይ ያረፈው ጫና ከአቅሙ በላይ ሆነ።

እንዲህ ያለ ትልቅ ግላይደር አየርን በጣም ስለማይታገል፣ አፍንጫው አንዴ ከወረደ ፍጥነት የሚሰበስበው በሰከንዶች ነው። 26 ሜትር ክንፍ ደግሞ መዞር ሲጀምር ለመጀመርም ለማቆምም ይከብዳል። ለጀማሪ የሚሆን ዕቃ አይደለም። ሞተር ስላለው «ቀላል አውሮፕላን» የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይህንን የምርመራ ውጤት ያንብብ።

መሬት ላይም ቢሆን ጣጣ አያጣም። ክንፉ ከብዙ ትንንሽ ማኮብኮቢያዎች ስለሚሰፋ ጠርዝ ላይ ያለ መብራትና ረጅም ሣር ይነካል። በአንድ ሰውም አይገጣጠምም። የስቴሜ ክንፍ ግን ይታጠፋል፤ ከ23 ሜትር ወደ 11.4 ሜትር ወርዶ ተራ ሃንጋር ውስጥ ይገባል። ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ስላለው ማንም ክንፍ ሳይይዝለት በራሱ እየነዳ ማኮብኮቢያው ላይ ይደርሳል።

ኦልማን ኒምበሱን በደንብ ተጠቅሞበታል። በዲሴምበር 2006 እዚያው አርጀንቲና በዚሁ ዓይነት ግላይደር 500 ኪሎሜትር ሄዶ መመለሻ ላይ በሰዓት 306.8 ኪሎሜትር አማካይ ፍጥነት አስመዘገበ። በነፋስ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ያው ሰው፣ ሌላ ምርጫ

ከ3,009 ኪሎሜትሩ በረራ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 2014 ላይ ይኸው ኦልማን ኔፓል ውስጥ ነበር። የጀርመን የአየርና የጠፈር ምርምር ማዕከል የሠራውን ልዩ ካሜራ ይዞ በኤቨረስት ዙሪያ በረረ። ዓላማው ተራሮቹን በሦስት አቅጣጫ ለመቅረጽ ነበር። የመሬት መንሸራተትንና ከበረዶ ግግር የሚፈነዱ ሐይቆችን ለሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ያለ ካርታ ወርቅ ነው። የተነሳው ከፖካራ ነው፤ ከዚያ እስከ ኤቨረስት በአየር 300 ኪሎሜትር ግድም ይሆናል።

ያኔ ግን ኒምበስን አልያዘም። የያዘው ስቴሜ ኤስ10 ቪቲኤክስ ነበር።

ምክንያቱን ከሥራው ማንበብ ይቻላል። እዚያ ክብረ ወሰን የለም። ሞተሩ ስንት ጊዜ ቢነሳ ዳኛ አይቆጣም። የሚፈለገው ካሜራውን በተባለው ሸለቆ ላይ፣ በተባለው ሰዓት ማድረስ ነው። ስቴሜ በክንፉ ሥር የመሣሪያ መያዣ ማንጠልጠል ይችላል። በሞተር ኃይል ልክ እንደ ተራ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ባለምሰሶው ኒምበስ በሞተር ሩቅ መሄድ ቢፈልግ ወጣ ገባ እያለ ነው፦ ይወጣል፣ ያጠፋል፣ ይንሳፈፋል፣ ደግሞ ያስነሳል። ተርቦ ያለው ሮታክስ 914 ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ተራ ሞተር እንደሚደክመው ቶሎ አይደክምም። ከታች ያለው መሬት ገደልና በረዶ ነው። «ሜዳ መርጠህ ሞተሩን ሞክር» የሚለው ደንብ እዚያ መሬት ላይ ሜዳ አያገኝም። አልነሳ ቢል እንኳ የማይገተር ፕሮፔለር መያዝ እዚያ ትልቅ ነገር ነው።

ስድስት ለአምስት የነበረው የመንሳፈፍ ብልጫ ሂማላያ ላይ የመጨረሻው ጥያቄ ሆነ። ፓታጎኒያ ላይ የመጀመሪያው ነበር።

ዛሬ የሚገዛ ሰው

አብዛኛው ገዢ 3,000 ኪሎሜትርም ኤቨረስትም አያምረውም። ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ አንድ ክለብ ሜዳ ቅዳሜ ተነስቶ 300 ወይም 500 ኪሎሜትር ዞሮ፣ ለእራት ቤቱ መድረስ ነው የሚፈልገው። ለእሱ ሁለቱም ማሽኖች ይበዙበታል።

ለብቻው የሚበር ከሆነ አሽ 26 ኢ ጥሩ መነሻ ነው። 18 ሜትር ክንፍ አለው። ሞተሩ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፣ የሚወጣው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚገተረው እንቅፋት ያንሳል። ጫጫታና የዘይት ሽታ የሰለቸው አንታሬስ 20ኢን ይመልከት። በ2006 የበረራ ብቃት ማረጋገጫ ያገኘ የኤሌክትሪክ ግላይደር ነው። ሞተሩ 42 ኪሎዋት ነው፣ ባትሪው ወደ 3,000 ሜትር ያወጣዋል። የሚነሳው በአንድ እጀታ ነው፤ ለኮስኩ፣ አልነሳም የሚል ጭንቀት የለም። በሌላ በኩል ባትሪው ካለቀ በቃ አለቀ፤ ጄሪካን ይዞ የሚደርስለት የለም።

ጎታች አውሮፕላን ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነበት ክለብ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ በራሱ የሚነሳውን ለምን ይገዛል? ቱርቦው ይበቃዋል። ክብደቱም ዋጋውም ይቀላል። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምቆጥረው በዓመት ስንት ጥሩ ቀን ጎታች ስላጣሁ አመለጠኝ የሚለውን ነው። መልሱ «አንድም» ከሆነ ሞተሩ ይቅር።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ብቻ አይጠይቅ። ስንት ጊዜ እንደወጣና እንደገባም ይጠይቅ፤ ምሰሶውን የሚያለፋው መውጣት መግባቱ ነው። የባትሪውን ዕድሜ፣ የቀበቶውን ሁኔታ፣ የበሮቹን ማጠፊያ ይይ። ሊያይ ሲሄድ ሞተሩ ሞቆ፣ ምሰሶው ቆሞ ከጠበቀው ሻጩን አመስግኖ ይመለስ፤ በማግስቱ ማለዳ፣ ሳይነገር ይምጣና ብርድ ላይ ያደረውን ሞተር ፊቱ እንዲያስነሱለት ይጠይቅ።